አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ጎማ

እኛ ለበረዶ ያለን ስም አንድ ነው። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር በረዶ ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ የሚረጋው በረዶ ነው፤ ሲያትል ውስጥ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ እንደ ተባዘተ ጥጥ ድምፁን አጥፍቶ የሚወርደውም በረዶ ነው። አመዳይ፣ ውርጭ የሚባሉ ቃላት እንዳሉን አልጠፋኝም። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ "ዛሬ አመዳይ ጥሏል" ብላችሁ ለሰው የተናገራችሁት መቼ ነው? ስሙ አንድ ስለሆነ ነገሩም አንድ ይመስለናል። አይደለም። እየወረደ ያለው ሌላ ነው፤ መኪና ሄዶበት የተጠቀጠቀው ሌላ ነው፤ ቀን ላላ ብሎ ተመልሶ የጠነከረው ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ፍጥረት ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ያስነሳል። የመጨረሻው ሰው ያስቀብራል።

የዚህ ከተማ ሰው ክረምቱን የሚገፋው በዝናብ ነው፤ ዝናብ ደግሞ ለእኛ ዘመድ ነው። ስለዚህ ሚኒሶታ ያሉ ዘመዶቻችን ገና በጥቅምት ጎማ ሊያስቀይሩ ሲሰለፉ እንስቅባቸዋለን። እኛ ጋ በረዶው ሲመጣ ሥራ ኮል አድርገን አንመጣም እንልና ሁለት ቀን ቤት እንቀመጣለን፤ በሦስተኛው ይቀልጣል፤ በአራተኛው መምጣቱንም እንረሳዋለን። ለሁለት ቀን ብሎ አራት ጎማ የሚገዛ ማን ነው? ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔም ስጠይቀው ብልኅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

መኪናዬን የገዛኋት ከሰው እጅ ነው። የቀድሞ ጌታዋ ከፋብሪካ የወጣችበትን ጎማ አውልቆ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አስገብቶላት ነበር። ጎማው ሰፊ ነው፤ ጎኑ ደግሞ ከስቶ ከቸርኬው ላይ እንደ ቀጭን ጥብጣብ የተጠመጠመ ይመስላል። ቡሪየን አጠገብ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚዘጋጅበት ኩሽና ነው የምሠራው፤ እዚያ ፓርክ ሳደርጋት ሰው ዞር ብሎ ያያታል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዞር ብሎ ያየኝ ሰው ጥቂት ነው። ሶ ደስ አለኝ። አትፍረዱብኝ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንዱ ጎማ እየተነፈሰ ሲያስቸግረኝ ጎሚስታው ያሲን ጋ ወሰድኳት። ያሲን ወልቂጤ ተወልዶ፣ እዚህ አገር ጎማ ሲፈታና ሲያስር የሸበተ፣ ለደንበኛ ከማጎንበስ ይልቅ መምከር የሚቀናው ሰው ነው። ቀዳዳዋን ደፈነና መኪናዋን አንዴ ዞራት።

"እህቴ፣ ክረምቱን በዚህ ልትነጂ ነው?"

"ምን ሆነ? አዲስ ናቸው እኮ።"

"አዲስነታቸውን መች አጣሁት።" ተንበርክኮ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ። "ይኸውልሽ፣ ሁለት መቶ አርባ አምስት፤ ይኼ ስፋቱ ነው፣ በሚሊሜትር። አርባ አምስት፤ ይኼ የጎኑ ቁመት ነው፣ ከስፋቱ ከመቶ አርባ አምስት እጅ ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ፤ ይኼ ቸርኬው። ለበጋ ያምራል። ለበረዶ ግን ወደ አሥራ ሰባት እንውረድ። ሁለት መቶ ሃያ አምስት በስድሳ። ዙሪያው ያው ነው፣ የፍጥነት መለኪያሽ አይዋሽም። ጠበብ ይላል፣ ጎኑ ወፈር ይላል። በረዶውን ቆርጦ መሬት ይረግጣል። ይኼ ሰፊው ከላይ ይንሳፈፋል።"

"ሰፊ እግር አይደል እንዴ መሬት የሚይዘው?"

"አሸዋ ላይ! ግመል ነሽ?"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

"ቢቸግረኝ የበረዶ ሰንሰለት ባስርበትስ?"

"አይገባማ። እጅሽን ስጪኝ።" እጄን ይዞ በጎማውና በውስጠኛው ብረት መሀል አስገባው፤ ጣቴ ገብቶ ቀረ፣ አላላውስ አለ። "ሰንሰለቱ በየት ይለፍ? የክረምት ጎማ ነው የሚያዋጣሽ። የፋብሪካው ልክም አሥራ ሰባት ነው።"

"አሥራ ሰባት ቁጥር? የአያት መኪና ልታስመስላት ነው?"

"አያት ቤቷ ትገባለች" አለኝ።

"አስብበታለሁ" አልኩት። አስብበታለሁ ማለት በእኛ ዘንድ እንቢ ማለት እንደሆነ ያሲንም ያውቃል፤ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ የዘለላት አንዲት ነገር አለች። መከራው ሁልጊዜ እንቢ ባዩን አይመክርም። አንዳንዴ ቤት ይሳሳታል።

የተሳሳተው ቤት ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ያለው የጋሽ ወርቁ ቤት ነበር። ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሜዳ ነው፤ እኛ የምንኖረው ግን ከላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ጋሽ ወርቁ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ነበሩ። በጉልምስናቸው የአሰብ መስመር ባለ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ፣ ትከሻቸው ገና ያልጎበጠ፣ እግራቸው ግን የከዳቸው ሰው ናቸው። ኩላሊታቸው መሥራት ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ቫን እየመጣ ለእጥበት ወደ ታች፣ ወደ ሬይኒየር ቫሊ ይወስዳቸዋል። ደማቸው በማሽን ይታጠብና ከሰዓት በኋላ ገርጥተው፣ ግን ነፍስ ዘርተው ይመለሳሉ። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሰብለ፤ የምትኖረው ዳላስ ነው፤ በየቀኑ ትደውላለች።

ኅዳር ላይ ደረጃው ሥር ስንገናኝ፣ ባለፈው ዓመት በበረዶ ምክንያት ቫኑ አንድ ቀን ቀርቶባቸው እንደተጨነቁ አጫወቱኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ጋሽ ወርቁ፣ እኔ እያለሁ! መኪናዬ በአራቱም እግሯ የምትጎትት ናት፤ ቁልቁል ይሁን ሽቅብ አይገዳትም።" መረቁኝ። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ" አሉኝ። ምርቃቱ ሞቆኝ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ለሰብለም ሳይነግሯት አልቀሩም፤ በሳምንቱ ደውላ "መሲ፣ አንቺ እዚያ ስላለሽ እንቅልፍ ተኛሁ" አለችኝ።

ታኅሣሥ ገባ። ሰኞ ከሰዓት በረዶው ጀመረ፤ እስከ ማክሰኞ ጠዋት የቆሙት መኪኖች ሁሉ ነጭ ጉብታ ሆኑ። ክሊኒኩ ማልዶ ለጋሽ ወርቁ ደወለ። ነርሶቹ መንገድ እንዳያስቀራቸው ብለው እዚያው አድረዋል፤ ወንበሩም ማሽኑም ዝግጁ ነው፤ ቫኑ ግን አይወጣም። መምጣት ከቻሉ ይምጡ። እሳቸው ወዲያው ወደ እኔ ደወሉ።

"ልጄ፣ አስቸግርሽ ይሆን?"

"ምን ችግር አለው፣ ይልበሱ!"

እውነቱን የማልሸሽግ ከሆነ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በረዶውን ከመስተዋቱ ስጠርግ ጎረቤቶች በመስኮት ሲያዩኝ ይታወቀኝ ነበር። ጋሽ ወርቁ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ጆሯቸው ደፍተው ክንዴን ይዘው ወረዱ። ከመግባታቸው በፊት ቆም ብለው ወደ ፊተኛው ጎማ ተመለከቱ። ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ።

የመጀመሪያውን መንገድ እንደ ቅቤ ሄድነው። በአራት እግር የምትጎትት መኪና ለመነሣት አትቸገርም። ጉዱ ያለው ማቆሙ ላይ ነው፤ ለማቆምማ ማንኛዋም መኪና ያላት እግር አራት ነው። መታጠፊያው ላይ ደርሰን ቁልቁለቱ ሲጀምር ፍሬን ነካሁ። ፍሬኑ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ መኪናዋ ግን አልሰማችም። መሪውን አዞርኩ፤ አልሰማችም። የሚገርመው ፍጥነት የለንም፤ ሰው በእርምጃ ይቀድመናል። እንደዚያ ቀስ ብለን፣ ድምፅ ሳናሰማ፣ ወደ ጎን ዞረን፣ በበረዶው ላይ እንደ ጀልባ ቁልቁል ሄድን። ጋሽ ወርቁ "እግርሽን አንሺ፣ እግርሽን አንሺ" ሲሉኝ ይሰማኛል፤ እኔ ግን ፍሬኑን ይበልጥ እረግጣለሁ። በመጨረሻ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተቀበለን። ጧ! አለ። ጎማው ጎኑ ተቀደደ፤ ቸርኬው ተሰነጠቀ፤ መኪናዋ አንድ ትከሻዋን ጥላ መንገዱን አግድማ ቀረች።

"ተጎዱ እንዴ? ጋሽ ወርቁ?"

"ደኅና ነኝ። አንቺስ?"

"ደኅና ነኝ።" እጄ ግን ከመሪው ላይ አልላቀቅ ብሎኛል።

ከዚያ ጋሽ ወርቁ ወደ ፊት እያዩ "ጎማው ሰፊ ነው" አሉ።

"አይተውት ነበር?"

"ገና ስትገዣት አየሁት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ደስ ብሎሽ ነበር እኮ፣ ልጄ።"

እንዲህ ያለውን መልስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሃያ ዓመት በረሃ ለበረሃ ጎማ ሲያዩ የኖሩ ሰው፣ በዚህ ጎማ በበረዶ ቁልቁለት እንደማይወረድ እያወቁ፣ ሊወስዳቸው የመጣውን ሰው ላለማሳፈር ብለው ቀበቷቸውን አስረው ተቀመጡ። ይሉኝታ ይባላል። ፈረንጅ ቃሉ ስለሌለው በሽታውም የለውም።

እዚህ ድረስ የነገርኳችሁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩትም።

ስልኬን አውጥቼ ተጎታች ፍለጋ ስደውል፣ ከላይ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ቀስ እያለች መጣች። ትንሽ ናት፣ ሦስት ሰው ከገባባት ሞላች የምትባል ዓይነት፤ ጎማዎቿ ቀጫጭኖች ናቸው፣ በሰንሰለት ተጠፍረዋል። ክር፣ ክር፣ ክር እያለች በረዶውን እየቆረጠች ወረደችና አጠገባችን ቆመች። ቆመች ስላችሁ፣ ባለችበት ቀጥ አለች። የሱፍ ቆብ የደፉ ፈረንጅ ባልቴት መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ። ተጎድተን እንደሆነ፣ የት እንደምንሄድ ጠየቁን። ነገርኳቸው። "እኔም ወደዚያው ነኝ፤ ላድርሳችሁ?" አሉ።

ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን እኔ አላዘዝኩትም። "ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ፤ ደኅና ነን" አልኩ።

ባልቴቷ አላመኑኝም መሰለኝ፣ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ወደ ጋሽ ወርቁ ተመለከቱ። "እርስዎስ?" ጋሽ ወርቁ መጀመሪያ እኔን አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን በሁለት ጣት ነክተው "ኖ፣ ታንክ ዩ። ጋድ ብለስ ዩ" አሉ።

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መስኮቱን ዘጉ፣ ክር፣ ክር፣ ክር እያሉ ወረዱ።

አሁን እናንተ እንዴት እንዲህ ይደረጋል ትሉኛላችሁ። ግን ራሳችሁን ጠይቁ። ሰው ቤት ገብታችሁ "ብሉ" ስትባሉ መጀመሪያ ምንድን ነው የምትሉት? ርቧችሁ አንጀታችሁ እየጮኸ "አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" አይደለም? እንዲያ የምንለው ሁለተኛው እንደሚመጣ ስለምናውቅ ነው። ባለቤቷ ትቆጣለች፣ "በሞቴ!" ትላለች፣ ጉርሻውን አፋችን ላይ ታደርሳለች፣ እኛም ተሸንፈን እንበላለን። የመጀመሪያው እንቢታ ምኑም እንቢታ አይደለም፤ ለሁለተኛው ግብዣ የሚነጠፍ ምንጣፍ ነው። እዚህ አገር በሞቴ የሚል የለም። አንዴ ይጠይቁሃል፤ እንቢ ካልክ ቃልህን አክብረው ይሄዳሉ። የሴትዮዋ መኪና ከእጥፋቱ ስትሰወር እኔና ጋሽ ወርቁ ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን እያየናት ነበር። ሁለታችንም በሞቴን እየጠበቅን ነበር ብዬ አምናለሁ። አልጠየቅኳቸውም። ይመለሱልን ብዬም አልጮኽኩም። ለምን እንዳልጮኽኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ተጎታች አልመጣም። ሌላም መኪና በዚያ መንገድ አላለፈም፤ ታክሲ ብንጠራ ስልኩ የሚሽከረከር ክብ ብቻ ያሳየናል። የማኅበራችን ሰዎች ጋ ደወልኩ፤ ሁሉም ሊመጣ ይፈልጋል፣ ዳገቱን ግን ማን ይወጣል? ብርዱ ሲጠናባቸው አንድ ጎረቤት ልጆቹ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ቀይ የፕላስቲክ ገበታ አመጣ፤ ጋሽ ወርቁን እዚያ ላይ አስቀምጠን፣ እሱ ከፊት በገመድ፣ እኔ ከኋላ በእጄ ሽቅብ ወደ ቤት ገፋናቸው። "ሃያ ዓመት ተሳቢ ስጎትት ኖሬ፣ ዛሬ እኔው ተሳቢ ሆንኩ" አሉ። ጎረቤቴ አማርኛ አይችልም፤ እሳቸው ሲስቁ አይቶ እሱም ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ክሊኒኩ ለረቡዕ ቦታ ለወጠላቸው። ረቡዕ ዝናብ ዘነበ፤ እኛ ዘመዴ ነው የምንለው ዝናብ። መሬት ሲነካ ይረጋል። የዛፉ ቅርንጫፍ፣ የደረጃው ብረት፣ አስፋልቱ፣ ሁሉም መስተዋት ለበሰ። ከበሩ ወጥቼ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ወደቅሁ። ያን ቀን ሰማያዊዋም መኪና አልታየችም።

ቀኑን እሳቸው ቤት ዋልኩ። እጥበት የቀረበት ሰው ውኃ በልክ ነው የሚጠጣው፤ የጠጣው መውጫ የለውማ። እሳቸውን ግን ጥሙ አነደዳቸው። አፋቸውን ለማራስ ከፍሪዘር ትንሽ ትንሽ በረዶ በማንኪያ እሰጣቸው ነበር። "ይኼኛው ደግ በረዶ ነው" ይሉኛል። እግራቸው አብጦ ካልሲው ሥጋቸው ውስጥ ሰምጦ ነበር። ሰብለ ስትደውል ድምፃቸውን አስተካክለው "ደኅና ነኝ፣ መሲ አልተለየችኝም" ይላሉ። እሷ ቲኬት ቆርጣ ዳላስ ኤርፖርት ተቀምጣለች፤ በረራ በበረራ ላይ እየተሰረዘ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መተንፈስ አቃታቸው። አምቡላንስ ጠራሁ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ትሕትናዋ አይረሳኝም፤ በከተማው ሁሉ ሰው ወድቆ ተሰብሯል፣ መኪናዎቹ ሁሉ ወጥተዋል፣ እየመጡ ነው አለችኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ጎማው በሰንሰለት የታሰረ የእሳት አደጋ መኪና እያጓራ ዳገቱን ወጣ። በወንበር አድርገው አወረዷቸው። ሆስፒታል እንደደረስን ማሽኑ ላይ አዋሏቸው፤ ከሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው "መኪናሽን አሠራሻት?" ብለው ጠየቁኝ። "ይሠራታል፤ እርስዎ ብቻ ይዳኑልኝ" አልኳቸው። አርብ ጎሕ ሲቀድ ልባቸው ቆመ። ሐኪሙ ልባቸው ቀድሞም ደክሞ እንደነበር ነገረኝ። የደከመ ልብ እንደነበራቸውማ እኔም አውቅ ነበር። ያለ እጥበት ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ አምስት ቀን ባይቆዩ ኖሮስ ብዬ አልጠየቅሁትም።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠርቶ፣ በረዶው ሁሉ ቀልጦ፣ መንገዱ ደርቆ ዋለ። ሰብለ ገባች። ለቅሶ ቤቱ ሞላ። እኔ ጥግ ይዤ ልቀመጥ ብል ማን ይለቀኛል? "ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ መኪናዋን ሰብራ የሞከረችላቸው እሷ ናት" ይላል አንዱ። "ልጅ እንኳ እንዲህ አያደርግም" ትላለች ሌላዋ። እናቶች እየተነሡ ጉንጬን ይስሙኛል። ሰብለ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "አንቺ ባትኖሪ ብቻውን ነበር የሚሞተው" ብላ አለቀሰች። እውነት ነው፤ ብቻቸውን አልሞቱም። ያን ያህል እውነት ያለበት ውዳሴ እንዴት ብለው ያስተባብሉታል?

ያሲንም መጣ። ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ወሬውን ሁሉ ሰማ፤ ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሣም። ሊወጣ ሲል ተከተልኩት። ይናገረኝ፣ ይስደበኝ ብዬ ነበር። "ሰው በቀኑ ነው የሚሄደው፣ እህቴ" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰብለ ከመመለሷ በፊት የአባቷን ልብስ ስታጥፍ ላግዛት ወረድኩ። ሰው አልነበረም። "የምነግርሽ ነገር አለ" አልኳት።

"ስለ ጎማው ከሆነ አባዬ በስልክ ነግሮኛል። ሰፊ ነው አለኝ። ኢትስ ኦኬ፣ መሲ።"

"ስለ ጎማው አይደለም። ስለ ሰማያዊዋ መኪና ነው።"

"የምን መኪና?"

ነገርኳት። ሹራቡን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

"ሶ፣ ሰው ቆሞ ነበር።"

"ቆሞ ነበር።"

"ሊያደርሳችሁ።"

"አዎ።"

"አባዬም ኖ አለ?"

"አሉ።"

"ካንቺ በፊት ነው፣ ካንቺ በኋላ?"

ይህን ጥያቄ አልጠበቅኩትም። ሰዎች ሲመረምሩኝ በሐሳቤ ስንት ጊዜ መልስ አዘጋጅቻለሁ፤ ይህን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። መዋሸት እችል ነበር፤ ምስክር የለም።

"ከእኔ በኋላ" አልኳት። "መጀመሪያ አዩኝ፤ ከዚያ ኖ አሉ።"

ሰብለ አልጋው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። "ለምን ነገርሽኝ?" አለች።

"ማወቅ አለብሽ ብዬ።"

"ኖ። አንቺ ስለከበደሽ ነው።" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "እዚህ ከተማ ውስጥ አመስግኜው የምሄደው አንድ ሰው ነበረኝ። አሁን ምን ይዤ ልሂድ?"

ሹራቡን ከጭኗ ላይ አንሥቼ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩት፤ እሷም ሌላውን ከተተች፤ እንደዚያ ሆነን የጋሽ ወርቁን ልብስ ጨረስን።

እውነትን ተናገር፣ ከመሸበት እደር ተብለን ነው ያደግነው። የምናድረው ሰው ቤት መሆኑን የነገረን ግን የለም። የእኔ እውነት እሷ ቤት ገብቶ አደረ፤ እኔ ያን ቀን ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህን ስጽፈው ያሳፍረኛል። ቢሆንም ወሰደኝ።

መኪናዬን ያሲን ጋ አስጎትቼ አሥራ ሰባት ቁጥር፣ ጠባቡን፣ የክረምቱን ጎማ አስገባሁላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉኝ መብታችሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል፤ አንዲት ብናኝ በረዶ አልወረደም። ኩሽናችን ደጅ ፓርክ ሳደርግ ዞር ብሎ የሚያያት የለም፤ የሥራ ባልደረቦቼ ብቻ "ለዝናብ ነው እንዴ የበረዶ ጎማ ያሰርሽው?" እያሉ ያሾፉብኛል። ያሲን ደግሞ ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፣ ብትነጂበትም ባትነጂበትም ዕድሜው ይቆጠራል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ መጣሉ አይቀርም ይለኛል። ይጣላ፤ ሌላ አስራለሁ።

ሰብለን ከዚያ በኋላ ያየኋት አንዴ ነው፣ በአርባው። ፍትሐቱ አልቆ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ደጁ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። ሰው ሁሉ እያየን ነበር፤ ለሌሎቹ እኔ አሁንም ያቺ ደግ ጎረቤት ነኝ፤ እሷ ለማንም አልተናገረችም። እጇን ሰጠችኝ። ጉንጯን አልሰጠችኝም።

"ደኅና ነሽ?" አለችኝ።

"ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን" አልኳት። ሰው እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ሌላ ምን ይላል?